የአየር ጠመንጃ ምላጭ ቀይሮ የሚያውቅ አለ? (የ10 ሜትር ዒላማ፣ ባሕር ዳር)

ዒላማ_ጣና

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ልጆችን የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ዒላማ አሠለጥናለሁ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ነው። መሣሪያዎቹ በስጦታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ሁለት ፋይንቬርክባው 300 ኤስ፣ ሦስት ቫይራውኽ ኤችደብሊው 30 እና አንድ ጋሞ አሉን። ሁሉም 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ሁሉም በሞላ የሚሠሩ ናቸው። ክበቡ ፈቃድ አለው፣ ጠመንጃዎቹም ተቆልፎባቸው ነው የሚያድሩት። ስለዚህ «በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ምን ያደርጋል» የሚለውን ክርክር ሌላ ቦታ ብንቀጥለው ደስ ይለኛል።

ችግሬ ምላጭ ነው። ልጆቹ አነጣጥረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ሁሉም ነገር ካማረ በኋላ ምላጩን ሲስቡ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል። በቫይራውኾቹ ይብሳል። ፋይንቬርክባው ላይ የሚተኩሱት ያው ልጆች ግን ደህና ይመታሉ። አንደኛዋ ልጅ «ምላጩ መቼ እንደሚለቅ አላውቅም፣ ያስደነግጠኛል» ትለኛለች።

ለገና ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ» ብሎኛል። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። ሳገላብጥ ለጋሞ የሚሆን ጂአርቲ የሚባል መተኪያ ምላጭ አየሁ። ለቫይራውኽ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያሉት ሮዋን ኢንጂነሪንግ ወደ ኋላ ገባ ያለ ምላጭ ይሠራሉ። አንድ ወዳጄ በበኩሉ «ምን ያስገዛሃል፣ ፈተህ ውስጡን ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው» ይለኛል።

የቱን ጠመንጃ ላስቀድም? ምላጩ ይቀየር ወይስ ያለው ይስተካከል? ስንት ግራም ላይስ ላቁመው?


ፈጣን_ጣት

ወንድሜ፣ ጊዜህን አታቃጥል፤ ግዛና ግጠም። እኔ እዚህ ቨርጂንያ ሬሚንግተን 700 የሚባል የጥይት ጠመንጃ አለኝ። የፋብሪካውን ምላጭ አውጥቼ ቲምኒ ገጠምኩበት። ፒን መትቶ ማውጣት፣ ፒን መትቶ መመለስ ነው። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ጥይቶቼ ተሰብስበው ነው የሚያርፉት። ምላጭ በቀለለ ቁጥር ይሻላል፤ 200 ግራም አድርገውና ልጆቹን እይ።


አያ_ሞረድ

እንዴት ሰነበታችሁ። እኔ ተኳሽ አይደለሁም፤ ቶርኖ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ዕቃ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሞርሳ ተክዬ የስፌት መኪናና ሚዛን እጠግናለሁ። የአየር ጠመንጃም በደብዳቤ ሲላክልኝ አይቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ብረቱ ነው፤ ስለ ትንፋሽና ስለ አቋቋም ሌላ ሰው ይናገር።

ፈጣን ጣት፣ ያልከው ለአንተ ጠመንጃ ልክ ነው። የሬሚንግተን 700 ምላጭ ራሱን ችሎ በሣጥን የታሰረ ነገር ስለሆነ ቲምኒም፣ ጁዌልም፣ ትሪገርቴክም፣ ቢክስን አንዲም ለዚያ ልክ ይሠሩለታል። አንዱን አውጥተህ ሌላውን ታስገባለህ። እሱም የሚይዘው መቺውን መርፌ ብቻ ነው። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ላይ ግን ምላጩ የሚይዘው ትልቅ ፒስተንና፣ ሰው በክንዱ ሙሉ ጉልበት ያጨቀውን ሞላ ነው። ያ ሁሉ ግፊት የሚያርፈው ከጥፍር ጫፍ በማትበልጥ ጥርስ ላይ ነው። አንተ «200 ግራም አድርገው» ስትል እኔ የማስበው ያቺን ጥርስ ነው።

ወደ ዋናው ልሂድ። ዒላማ ጣና፣ ጥያቄህ ስለ ክብደት ነው፤ የጻፍከው ግን የክብደት በሽታ አይመስለኝም። ያቺ ልጅ የተናገረችውን ደግመህ አንብበው። «ከበደኝ» አላለችም። «መቼ እንደሚለቅ አላውቅም» ነው ያለችው።

አባቴ ቤልጅግ ነበራቸው። የዚያ ማውዘር ምላጭ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ ያለ ችግር ይሳባል፤ ከዚያ ጣትህ አንድ ቦታ ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ስትጨምር ይለቃል። ምሥጢሩ ምላጩ ጫንቃ ላይ ያሉ ሁለት ጉብታዎች ናቸው። አንደኛው ረጅሙን ጉዞ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ጥቂቱን። አገር ቤት ያደገ አዳኝ ይህን በጣቱ ያውቀዋል፤ «አፉ ላይ አድርሰህ ጠብቅ» ይሉን ነበር። የውድድር ጠመንጃም የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። መቆሚያው የታወቀ ይሁን። ከመቆሚያው በኋላ ያለው ጉዞ አይንፏቀቅ። ከለቀቀ በኋላም ምላጩ ወደ ኋላ ብዙ አይሩጥ፤ በተለይ በሞላ ጠመንጃ። ምክንያቱም ፒስተኑ ሮጦ፣ አየሩን አምቆ፣ እርሳሱን (የአየር ጠመንጃውን ጥይት) እስኪያስወጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ከታመቀ አየር ጠመንጃ ይረዝማል። ጣቷ በዚያ መሀል ብትወራጭ አፈሙዙም አብሮ ይወራጫል።

ሁለተኛው ነገር ጣቷ የት ነው የሚያርፈው? የ14 ዓመት ልጅ እጅ ትንሽ ነው። የአዋቂ ሰደፍ ጨብጣ ምላጩ ላይ ለመድረስ ጣቷን ስትዘረጋ የምትስበው ቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ከጎን እየገፋች ነው። ከላይ ሆነህ ተመልከታት። የጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ከምላጩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ካልሠራ ችግርህ እዚያ ነው፤ ግራሙን ብታወርደው አይድንም።

ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ ልቁጠርልህ። በ10 ሜትር ዒላማ ላይ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያህ በ80 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ አንድ ቀለበት ለመሳት የፊተኛው በ0.2 ሚሊ ሜትር መንሸራተት ይበቃዋል። የሁለት የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከጎን የሚገፋ ጣት ይህን ሳያስበው ያደርገዋል።

ስለዚህ ዘመድህ የሚያመጣው ለቫይራውኽ ወደ ኋላ ገባ ያለው ምላጭ ይሁን። ሙሉ የምላጭ ሣጥን አትግዛ። ያ ምላጭ ጥቅሙ ክብደት መቀነሱ አይደለም፤ ለአጭር ጣት ቅርብ መሆኑና ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ኤችደብሊው 30 ኤስ የሚባለው ሞዴል ውስጥ ያለው፣ ሬኮርድ የሚሉት የምላጭ አሠራር ራሱ ድንቅ ነው። የሞላውን ግፊት በዘንግ እየቀናነሰ ጣት ዘንድ ሲደርስ ጥቂት ያደርገዋል። እሱን ጥሎ ሌላ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥ። ሦስቱም ኤስ ናቸው? ኤስ የሌለው ኤችደብሊው 30 ፐርፌክት የሚባል ቀለል ያለ ምላጭ ነው ያለው። የሬኮርድ ምላጭ ለእሱ አይገጥምም። ስጦታ ሲመጣ ተደባልቆ ነው የሚመጣው።

አሁን ወዳጅህ ወዳለው ልምጣ። ብርጭቆ ወረቀት አታስነካ! አንድ ሰው በዚህ መንገድ «ያለሰለሰውን» ጠመንጃ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሞላውን ለመወጠር ሲያጠፈው ይይዛል፣ ሰደፉን መሬት ላይ ቆም ሲያደርገው ይተኩሳል። ጥርሱ ጠንካራ የሚሆነው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ያ የጠነከረ ቆዳ ብዙ ጊዜ ከሚሊ ሜትር ክፋይ አይበልጥም። ከእሱ ካለፍህ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው። ለጊዜው ያማረ ይመስልሃል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ እያለቀ ይሄዳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ማዕዘኑ ነው። ጥርስ ለጥርስ የሚገናኙበት ፊት ግፊት ሲያርፍበት ይበልጥ እንዲቆላለፍ ተደርጎ ነው የተሞረደው። በእጅ ስትፈትገው ጠርዙ ይከበብና መቆላለፉ ወደ መንሸራተት ይለወጣል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞረድ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ያለ ማቆሚያና ያለ ማጉያ መነጽር እዚያ ፊት ላይ ሞረድ አላሳርፍም።

ከመግዛትህ በፊት ለካ። የወርቅ ቤት ሚዛን አያስፈልግህም። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኛው፤ አፈሙዙ ወደ እርሳስ መያዣው ሣጥን ይሁን፣ እርሳስም ይግባበት፤ የሞላ ጠመንጃ ባዶውን አይተኮስም፣ ፒስተኑ ትራስ አጥቶ ብረት ይመታል። ምላጩ መሀል ላይ ሲባጎ እሰር፣ ሲባጎውን ወደ ኋላ ወስደህ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በታሰረ ኩሽኔታ ላይ አሳልፈው፣ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥል። በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ውኃ ጨምር። አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ነው። ሲተኩስ ያለውን ውኃ ከጠርሙሱ ክብደት ጋር ደምር። ማንም ሰው ከፊት አይቁም፤ ልጆቹንም ውጭ አድርጋቸው።

የተገኘውን ጻፍልኝ።


ኒና_ሽቱትጋርት

አያ ሞረድ እጅዎ ይባረክ፤ የቤልጅጉ ምሳሌ ደስ ብሎኛል። ባሕር ዳር ነው ያደግሁት፤ አሁን እዚህ የክበብ ተኳሽ ነኝ። 50 ሜትር በአንሹትስ ጠመንጃ፣ 10 ሜትር ደግሞ በታመቀ አየር እተኩሳለሁ።

ስንት ግራም ለሚለው ደንቡን ልንገራችሁ፤ በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ዝቅተኛ የምላጭ ክብደት አልተወሰነም። ለአየር ሽጉጥ 500 ግራም፣ ለ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም፣ ለ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ 1500 ግራም ነው ዝቅተኛው። ሲሳብ ሳይሆን ሲለቀቅ የሚተኩስ ምላጭ ክልክል ነው። የአየር ጠመንጃው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ ከ5.5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ኤሌክትሮኒክ ምላጭም ይፈቀዳል፤ በሽጉጥ በኩል የሞሪኒው ሲኤም 162 ኢአይ ለዓመታት ውድድር ላይ ያለ ነው። ለናንተ ክበብ ግን ባትሪና ሰርኪዩት አልመክርም።

ከአያ ሞረድ የምለይበት አንድ ነገር አለ። ኤችደብሊው 30 ኤስ ክብደቱ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ፋይንቬርክባው 300 ኤስ ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ልጆቹ በፋይንቬርክባው የተሻለ የሚመቱት በምላጩ ብቻ አይመስለኝም። ቀላል ጠመንጃ ላይ አንድ ኪሎ የሚስብ ጣት ጠመንጃውን ራሱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ከባዱ ግን ዝም ይላል። እኔ ብሆን ምላጭ ከመግዛቴ በፊት የእንጨቱ ፊተኛ ክፍል ላይ ክብደት እጨምራለሁ። የፋይንቬርክባው አሠራርም ሌላ ነው፤ ሲተኮስ አካሉ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ምቱ ትከሻ ላይ አይሰማም።

ጋሞውን ግን እርሱት። ጂአርቲው ጥሩ ነው፣ ምላጩ ይሻሻላል። ጠመንጃው ግን ሲተኮስ ይዘልላል፤ ለ10 ሜትር የተሠራ አይደለም።


አያ_ሞረድ

እቱ፣ የጻፍሽው ደርሶኛል። ክብደት መጨመሩን ለአንቺ አምናለሁ። ለ14 ዓመት ልጅ ግን ቆማ የምትይዘውን ጠመንጃ 4 ኪሎ አድርገሽ ስትሰጫት ጀርባዋን ታጣምማለች፤ ያ ደግሞ በኋላ ለማረም ከምላጭ ይከብዳል። ግማሽ ኪሎ ከፊት ቢጨመር አልቃወምም፤ ከዚያ በላይ እሷ ታድግና።


መንገደኛ_ዘ_ግዮን

ስለ ብረቱ አላውቅም፤ ስለ ወረቀቱ ግን ልናገር። ምላጭ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ጉምሩክ ላይ ግን የጠመንጃ አካል ናት። ዘመድህ ሻንጣ ውስጥ ጥሏት እንዳይመጣ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ክበቡ አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠይቅ፤ የዕቃው ስም፣ ብዛቱ፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ይጻፍበት። ጥገናውንም ማን እንደሚሠራ አብራችሁ ጥቀሱ። ጠመንጃ ወደ አያ ሞረድ ቤት ስትወስዱም በባጃጅ ረጅም ሻንጣ ተሸክማችሁ እንዳትዞሩ። እንዲያውም እሳቸው ቢመጡ ይሻላል።


ፈጣን_ጣት

አያ፣ ሬሚንግተን ላይ ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ቲምኒውን ስገጥም ብሎኖቹን ሎክታይት አብዝቼ ቀባኋቸው፣ እንዳይላሉ ብዬ። ችግር አለው?


አያ_ሞረድ

አለው። የራስህን ጠመንጃ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ሬሚንግተን ራሱ ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለውን ምላጭ የያዙ ሞዴል 700 እና ሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎችን ከሜይ 2006 ጀምሮ የተሠሩትን መልሱልኝ ብሎ ጠራ። ምክንያቱም በመገጣጠም ጊዜ የብሎን ማጣበቂያው በዝቶ ስለገባ፣ ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችል ነበር። ፋብሪካ እንኳ በማጣበቂያ መብዛት ይህን ያህል ይቸገራል። ሣጥኑ ውስጥ የፈሰሰ ሙጫ ሲደርቅ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ምላጩ የተመለሰ ይመስልሃል፣ ግን አልተመለሰም።

አንተ አሁኑኑ ጥይቱን አውጣ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ከዚያ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጠው። አንተ ባለህበት አገር እንዲህ ያለ ባለሙያ ሞልቷል። ለትናንሽ ብሎን የሚሆነው ሐምራዊው ነው፣ ሎክታይት 222፤ ሰማያዊው ይጠነክራል፣ ቀዩማ በእሳት ካላሞቅኸው አይፈታም። የሚቀባውም ክሩ ላይ ነው፣ ከመርፌ ጫፍ ባልበለጠ ጠብታ። ቀድሞ ክሩ ከዘይት ይጽዳ።


ዒላማ_ጣና

አያ፣ እንዳሉት አደረግን። ኩሽኔታው ከአሮጌ የልጆች ጋሪ ተገኘ። ውጤቱ ይኸውና።

አንደኛው ፋይንቬርክባው 180 ግራም ላይ ለቀቀ። ሁለተኛው 420 ግራም፤ እሱም አንዳንዴ 350፣ አንዳንዴ 500 እያለ ይዋዥቃል። ቫይራውኾቹ 950፣ 1020 እና 1600። ጋሞውን 2300 ላይ ስደርስ ተውኩት፣ ጠርሙሱ አልበቃም።

የ1600ው ነገር ገርሞኝ ጽሑፉን በባትሪ ብርሃን ሳየው ኤስ የለውም። ኤችደብሊው 30 ብቻ ነው። እርስዎ ሳይነግሩኝ ምላጭ ለሦስት ባዝዝ ኖሮ አንዱ ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር።

የልጆቹንም ጣት ከላይ በስልክ ቀረጽኩ። የአራቱ ጣት ልክ እርስዎ እንዳሉት ተንጠራርቶ ነው የሚደርሰው፤ ምላጩን የሚነኩት በጣታቸው ጫፍ ነው። ረጅም እጅ ያለው አንዱ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ይስባል፤ እሱ በቫይራውኽም ደህና ይመታል።

አሁን ምን ላድርግ? ሁለተኛው ፋይንቬርክባው ለምን ይዋዥቃል?


አያ_ሞረድ

ጎበዝ። አሁን መነጋገር እንችላለን።

የሚዋዥቀው ፋይንቬርክባው የደረቀ ግራሶ ነው የያዘው። ሠላሳ አርባ ዓመት የኖረ ጠመንጃ ነው፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ በየጊዜው ዘይት እያፈሰሱበት ኖረዋል። ያ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ይጠጥራል፣ በሐምሌና በነሐሴ የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ሙጫ ይሆናል። አዲስ ምላጭ አይፈልግም። የምላጩ ክፍል ወጥቶ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። የሚፋተጉት ሁለቱ ፊቶች ብቻ የሞሊብዲነም ግራሶ በስንጥር ጫፍ ይነኩ፤ ሌላው ቦታ ስስ ዘይት። ነጭ ጋዙ ወደ ፒስተኑ እንዳይሄድ። ጓዳ ውስጥ ለብቻህ አትሥራው፤ እኔ ልመጣ እችላለሁ፣ መንገደኛ እንዳለው ሻንጣውን ከማዞር ይሻላል። የ180ውን አትንካው። እሱን ለትልልቆቹ ስጥ።

ኤስ ለሆኑት ሁለቱ ቫይራውኽ ምላጭ ይምጣላቸው። ሲገጠም የሚገጥምህን ልንገርህ። ጠመንጃው ያልታጠፈ፣ ባዶ ይሁን። ከእንጨቱ ይውጣ። የሬኮርዱ ሣጥን በሁለት ፒን ነው የተያዘው። ፒኖቹ ሲወጡ የመጠበቂያው ቁልፍ ከነሞላው ይዘልልና ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ እሱን ፍለጋ ብዙ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ ስለዚህ እጅህን አስቀድመህ ደቅንበት፣ ወይም በፌስታል ውስጥ ሥራው። የእያንዳንዱን ፒን አገባብ በስልክህ እያነሣህ ሂድ። ካቻቢቴህ የብሎኑን ጭንቅላት ሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ የላላ ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ይበላዋል።

ከገጠምክ በኋላ ሁለት ብሎን ነው የሚያሳስብህ። ትልቁ ክብደቱን ይለውጣል። ትንሹ የመጀመሪያው እርከን የት እንደሚያበቃ ይወስናል፤ ያቺ ልጅ የምትፈልገውን መቆሚያ የሚሰጣት እሱ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ባልበለጠ አዙርና ፈትሽ። አብዝተህ ካስገባኸው የመጀመሪያው እርከን ሁሉንም ጉዞ ይበላውና ጠመንጃው ሲታጠፍ አይዝም፣ ወይም ለትንሽ ንክኪ ይለቃል።

ስንት ግራም ላልከው፣ በሬኮርዱ ከ600 አካባቢ ጀምር። ከ500 በታች እኔ ለልጅ አልሰጥም፣ ሞላ ነው የተያዘው። ፈጣን ጣት 200 ይበል፤ እሱ የሚተኩሰው ብቻውን ነው።

ሁሌም ካስተካከልክ በኋላ ፈትን። እርሳስ አስገባ፣ አፈሙዙ ወደ መያዣው ሣጥን ይሁን፣ አጥፈህ ዝጋና ሰደፉን ከጎንም ከኋላም በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርገው። ከለቀቀ ወደ ኋላ መልሰው። ያልታወቀ ምላጭ በልጅ እጅ አይገባም። ጠመንጃው ሲታጠፍ ደግሞ፣ ይህን ለልጆቹ አስምርበት፣ እርሳስ እየገባ ሳለ አንድ እጅ በርሜሉን ወይም ማጠፊያውን ይያዝ፣ ሌላው ምላጩ አጠገብ አይድረስ። ጠመንጃው ክፍት ሳለ ምላጩ ከለቀቀ በርሜሉ ተወርውሮ ጣት ይሰብራል።

የ1600ዋ ፐርፌክት እንዳለች ትቅር። ትታጠብ፣ ትቀባ፣ ለጀማሪ አያያዝ መማሪያ ትሁን። ጋሞውን ኒና ነግራሃለች።


ኒና_ሽቱትጋርት

አያ፣ የግማሽ ኪሎውን ነገር ተቀብያለሁ 😄 ለዒላማ ጣና አንድ ልጨምር። የምላጩ ክብደት አንድ ነገር ሆኖ፣ ልጆቹ ባዶ ማለማመጃ ስለሌላቸው በየቀኑ ጣታቸውን ማሠልጠን አይችሉም። በታመቀ አየር ጠመንጃ ያለ እርሳስ ምላጭ መሳቢያ ስለተሠራለት እኛ ብዙውን ልምምድ የምናደርገው እንደዚያ ነው። ለናንተ የሚቀርበው ዘዴ ነጭ ወረቀት ነው። ዒላማውን ገልብጠው፣ ምንም ነጥብ የሌለው ወረቀት ላይ ይተኩሱ። ዓይናቸው የሚጠብቀው ቀለበት ስለማይኖር ሐሳባቸው ጣታቸው ላይ ይሆናል። ከዚያ ምቶቹ ምን ያህል እንደተሰበሰቡ ብቻ እዩ።

እኔ ደግሞ በአንሹትሱ ላይ ያለኝ 5018 የሚባለው ባለ ሁለት እርከን ምላጭ ነው። ሁሉም ነገሩ ይስተካከላል፤ ምላጩም በሐዲዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ስገዛው መጀመሪያ የነካሁት የክብደቱን ብሎን ነበር። አሠልጣኜ እጄን ያዘችና «መጀመሪያ ጣትሽ የት ነው?» አለችኝ። አያ ሞረድ ከሽቱትጋርት ሴትዮ ጋር ሳይተያዩ ተስማምተዋል።


ዒላማ_ጣና

ነጭ ወረቀቱን ዛሬ ሞከርነው፤ ያቺ ልጅ ከሁሉ አስቀድማ ወደደችው። ለዘመዴ የምልከው ዝርዝር እንዲህ ሆነ። ለኤችደብሊው 30 ኤስ ሁለት ወደ ኋላ የገቡ ምላጮች፣ አንድ ሐምራዊ ሎክታይት፣ የፒን ማውጫ ስብስብ። ደብዳቤውን ክበቡ ሰኞ ያስገባል።


አያ_ሞረድ

የፒን ማውጫውን ከዝርዝሩ ሰርዘው። በሁለት ቀን ቶርኖ ላይ ናስ እቆርጥልሃለሁ፤ ናስ ፒኑን አይጭረውም። በእሱ ገንዘብ ጥሩ የውድድር እርሳስ ያምጣ። በጭንቅላታቸው ስፋት 4.49፣ 4.50 እና 4.51 ሚሊ ሜትር ተብለው ለየብቻ ይሸጣሉ፤ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ያምጣና ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማውን ፈትኑ። ያኔ ምላጩ ነው ወይስ እርሳሱ የሚለው ክርክር ያበቃል።


መንገደኛ_ዘ_ግዮን

እርሳሱም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። የጣሳውን ብዛት ጨምሩበት።


ዒላማ_ጣና

እሺ፣ አሁኑኑ አስገባዋለሁ። አያ፣ ለናሱ የፒኑን ውፍረት በቬርኒየር ለክቼ ነገ እጽፍልዎታለሁ።